የባለቤት ያለህ

ቦራ የሚሉት ነፋስ ትሪየስቴን ሲያንቀጠቅጥ፣
ወደቡ ላይ መርከብ ሁሉ ገመዱን ሊበጥስ ሲያምጥ፣
ሐሙስ በሐሙስ፣ ረፋዱን፣ በሩን ትገፋለች ኦንዲና፤
ሰማንያ ስምንት ዓመቷን ከዘራ ላይ አሳርፋ፣
ነፋሱን ረግማ ስታበቃ፣ «ደኅና ነሽ?» ትለኛለች፣ «ደኅና?»

እኔ ኔሪና፣ የመጻሕፍት ቤቱ ቁልፍና አቧራ ጠባቂ፣
በሕግ ነገር ጥቂት አዋቂ፣ ብዙ ጠያቂ።

አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አለች፣ አርባ ገጽ፣ ጀርባዋ የላላ፣
ከዛገ የስፌት ሽቦ በቀር ደጋፊ የሌላት ሌላ፤
የመርከብ ብየዳ ሠራተኛው ኤጂዲዮ ብራዳስኪያ
ብረት ሲያጋጥም ውሎ ውሎ ለራሱ የሠራት ማረፊያ።
ሦስት መቶ ቅጂ ወጣች፤ ያሳተማት ድርጅት ከሰረ፤
እሱም በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ
በስድሳ አንድ በጋ ተቀበረ።

ዛሬ ከዚያ ሁሉ ቅጂ አንዲቷ ቀርታለች በእጄ፤
የምገልጣት ትንፋሼን ውጬ ነው፣ እንደ ተኛ አራስ ልጄ።

«ሁለት መቶ እናሳትም» አልኩ፣ «ለሠፈሩ ጡረተኛ፣
መርከብ ሲሠራ ኖሮ ኖሮ ባሕር ላልወጣ መንገደኛ።»
ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ መጣ፣ ማኅተሙ ገና ያበራል፦
«ደራሲው ካረፈ ሰባ ዓመት ሊሞላ ሰባት ይቀራል፤
እስከዚያ ባለቤቱን ይፈልጉ፤
ያለ ፈቃድ ማተም ያስጠይቃል።»

ባለቤት! የባለቤት ያለህ!
የወንድሙ ልጅ ነበር አሉ፣ ሮዛርዮ የሄደ በመርከብ፤
ሦስቴ ጻፍኩለት፤ ሦስቴም
ደብዳቤዬ ሳይከፈት ተመለሰ፣ ቤቱን እንደ ለመደ ርግብ።

ኦንዲና ከወንበሯ ሰማችኝ።
«ባለቤቱማ» አለች፣ «እኔ ልሆን ነበር፤
ቅዳሜ ቀለበት ገዛልኝ፣
ሰኞ መሰላሉ ተሰበረ፤ ቀረ እንግዲህ ወጉም፣ ማኅበር።
ለቀለበት ወረቀት የለኝም። ሕጉ እኔን ምን ብሎ ይጥራ?»
ዝም አልኩ። አርባውም ገጽ ስለሷ ነው፤
አንድም ገጽ ግን የላት በስሟ የተጠራ።

ሕግ ጠላ ነው ይህቺ አትበሉኝ። የእህቴን ልጅ ቫልተርን ላንሣ፦
ወደብ ላይ ሲሥል ይውላል፤ ቁራሽ ዳቦ ናት የሱ ምሳ።
አንድ እግር የሌላት የባሕር ወፍ ሣለ፤ ዓመት እንኳ ሳይሞላ
አንድ የሚላኖ ኩባንያ ቸበቸባት፣ በከረጢት፣ በኩባያ፣ በጃንጥላ።
ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ጠበቃው በትሕትና ቁጥር ነገረው፤
ልጁ ደረጃውን ወርዶ ቀለም ሊገዛ የያዘውን ሳንቲም ቆጠረው።
ሕጉማ አለ፣ ከቫልተር ጎን ነው፣ አንቀጹም ተነበበ፤
ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እንጂ፣ ወተቷን ማን አለበ?

አጥር ደግ ነው፣ አልክድም፤ ጓሮ ያለ አጥር ፍየል ይበላዋል፤
ግን ጎመኑ ደርቆ ካለቀ
አጥሩ ማንን ይጠብቃል?
ፍየሉስ በበሩ ከገባ፣ የበሩን ቁልፍ ከገዛ፣
አጥሩን ያጠረው ሰውዬ
ውጭ ቀርቶ ሲያይ፣ በጤዛ?

ባለፈው ሐሙስ ኦንዲና መነጽሯን ወልውላ ወልውላ
ገጽ አሥራ ሰባትን ገለጠች፣ በጣቷ ጫፍ፣ ቀስ ብላ።
«ማተሚያ ቤቱ ተሳስቷል። ስድሳ ዓመት አልፎት ዝም አልኩት፤
እሱ "ንቤ" ብሎ ነው የጻፈው፣ ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት፤
ፊደል ለቃሚው ምን ነክቶት እንደሁ "ንብረቴ" ብሎ አተመው።
እኔ የማንም ንብረት አልነበርኩም፤
እሱም ይህን ነበር የሚያመው።»

ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች።
«መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው» ይላል
ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ፣ እኔው የለጠፍኩት ወረቀት።

መስኮቱን ልዝጋ ብዬ ተነሣሁ።
መስኮቱ ዝግ ነበር።

ቆሜ ወደቡን አየሁ፤ ቦራ የሰው ባርኔጣ ነጥቆ ይሮጣል፤
ከኋላዬ እርሳሱ
ሁለት ፊደል ሲሰርዝ ይሰማኛል።